የስቲክሊን የሞሪስ ወንበር በእጅ ልሠራ ነው፤ እንጨቱን፣ መጋጠሚያውንና ቀለሙን እንወያይበት

መላጊያ_ነኝ (ሜሪላንድ)

ሰላም የእንጨት ቤተሰቦች። ለዚህ የብርድ ወቅት ጋራዥ ውስጥ የምይዘውን ሥራ መርጫለሁ። ጉስታቭ ስቲክሊ ከዛሬ መቶ ምናምን ዓመት በፊት ኒውዮርክ ግዛት፣ ሲራኪዩዝ ያመርተው የነበረውን ጠፍጣፋ ክንድ ያለው የሞሪስ ወንበር ነው።

አይታችሁት ለማታውቁ፦ ከባድ፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሚባል ነገር የሌለበት የኦክ ወንበር ነው። ጀርባው ከታች በእንጨት ዘንግ ተይዞ ወደ ኋላ ይጋደማል። ምን ያህል እንደሚጋደም የሚወስኑት ክንዶቹ ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ተነቃይ ችካሎች ናቸው። ነቅላችሁ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ታዛውራላችሁ፣ አለቀ። የእግሮቹ ጫፍ ክንዱን በስቶ ወጥቶ ከላይ ይታያል። ከክንዱ ሥር እስከ ታችኛው አግዳሚ ድረስ ደግሞ ቀጫጭን ቋሚዎች ተደርድረዋል። ሌላ ጌጥ የለውም። ጌጡ የተገጣጠመበት መንገድ ነው።

እንጨቱ ነጭ ኦክ ይሆናል፣ ያውም ኳርተርሶን። ማለትም ግንዱ መጀመሪያ አራት ቦታ ተከፍሎ፣ ጣውላው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ የተሰነጠቀ። ኦክ እንዲህ ሲሰነጠቅ ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቁ ጅራፍ መሳይ ነጠብጣቦች (ጨረር ይባላሉ) ይወጣሉ። የስቲክሊ ዕቃ መታወቂያው እነሱ ናቸው። መጋጠሚያው ሁሉ ወንዴና ሴቴ (የአንዱ እንጨት ምላስ፣ ማለትም ወንዴው፣ ሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ፣ ማለትም ሴቴው ውስጥ የሚገባበት)፤ ብሎን የለም፣ ሚስማር የለም። ልኬቱን ከድሮ ካታሎጎቹ ወስጄ በሙሉ መጠኑ ወረቀት ላይ ስየዋለሁ።

ያልወሰንኩት የእግሮቹን አሠራር፣ ቀለሙን (በአሞኒያ ልጠነው?) እና የመቀመጫውን ነገር ነው። የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

ሰጋቱራ (ዳላስ)

ባለቤትህ ታውቃለች? ያ ወንበር አንዴ ሳሎን ከገባ ያለ ክሬን አይወጣም።

በነገራችን ላይ ባርብራ ስትራይሳንድ የስቲክሊን አንድ ቡፌ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ጨረታ ላይ በ363 ሺህ ዶላር ነው የገዛችው። ስትጨርስ ዋጋውን ንገረን።

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

ፎቶዎቹን ፈልጌ አየኋቸው። ያምራሉ፣ አልዋሽም። ግን እኔ እንጀራዬ ይኼ ሙያ ስለሆነ በግልጽ ልናገር። ደንበኛ ሲመጣ ስልኩን አውጥቶ የሶፋ ፎቶ ያሳየኛል፤ በሳምንት ውስጥ ይፈልገዋል። ኤምዲኤፍ ቆርጬ፣ በብሎን አስሬ፣ ቀለም ነፍቼ አስረክበዋለሁ። ወንዴና ሴቴ በመሮ እየፈለፈልኩ ብቀመጥ የሱቅ ኪራይ አይከፈልም። ማሽን እያለ «በእጅ» ማለት ለእናንተ መዝናኛ ነው። አይክፋህ ወንድሜ።

ደግሞስ ያ ስቲክሊ የምትሉት ሰውዬ ራሱ በእጁ ነበር የሚሠራው?

የለንደኗ

አልነበረም። እንዲያውም ፋብሪካ ነበረው።

ስቲክሊ የተከተለው የእጅ ሥራ ንቅናቄ የተጀመረው እዚህ እንግሊዝ ነው። በ1851 ለንደን ላይ ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲካሄድ የፋብሪካ ዕቃ በጌጥ ታጭቆ ቀረበ። (ዓመቶቼ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ጸሐፊው ጆን ረስኪን፣ ከእሱም በኋላ ንድፍ ሠሪው ዊሊያም ሞሪስ የተቃወሙት ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ማሽን የፈለፈለው የውሸት ጌጥ ነው። ሁለተኛው የባሰው ነው፦ ቀኑን ሙሉ አንድ ቁራጭ ሥራ ብቻ እየደጋገመ ዕቃው ሲያልቅ የማያይ ሠራተኛ። የንቅናቄው ስም የመጣው በ1887 ከተመሠረተው «የአርትስ ኤንድ ክራፍትስ ኤግዚቢሽን ማኅበር» ነው፤ በዓመቱ ለንደን ላይ የመጀመሪያ ዐውደ ርእዩን አሳየ።

የሞሪስ ወንበር የሚባለውንም ሞሪስ አልነደፈውም። በ1860ዎቹ የሞሪስ የቤት ዕቃ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሰሴክስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ጀርባው የሚጋደም ወንበር አየ። ንድፉን ወደ ለንደን ላከ፤ አርክቴክቱ ፊሊፕ ዌብ አስተካክሎ ነደፈው፤ ድርጅቱ ሸጠው። አሜሪካኖቹ ሐሳቡን ወስደው አወፈሩት፣ ቀጥ አደረጉት።

አሁን ወደ የጉለሌው ጥያቄ። በኪራይና በእጅ ሥራ መካከል ያለው ጣጣ ያኔም ነበር። ሞሪስ ሶሻሊስት ነበር፤ ዕቃው ግን የሚገባው ሀብታም ቤት ነበር። ቻርልስ አሽቢ በ1888 የለንደን ድሃ ሰፈር ውስጥ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር አቋቋመ። በ1902 ሠራተኞቹን ከነቤተሰባቸው ይዞ ቺፒንግ ካምፕደን የምትባል የገጠር ከተማ ገባ። ከገበያው ራቁ፤ ርካሽ የፋብሪካ ዕቃ ተፎካከራቸው፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ማኅበሩ ፈረሰ። ሲድኒ ባርንስሊ የሚባለው ደግሞ ሳፐርተን መንደር ውስጥ የነደፈውን ሁሉ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። ዕቃው ግሩም ነው፤ ብዛቱ ግን አንድ ሰው የሚችለው ያህል ነው።

ስቲክሊ ሌላ መንገድ ያዘ። እንጨቱን የሚሰነጥቀው፣ የሚልገውና ሴቴውን የሚፈለፍለው ማሽን ነው፤ መግጠሙንና ማሳመሩን ሰው ይጨርሰዋል። አድካሚውን ሥራ ማሽን ቢሠራው ነውር የለውም የሚል እምነት ነበረው። እሱም በ1915 በኪሳራ ተዘጋ። ያኔ ፋሽኑ ተቀይሮ ነበር፤ ኒውዮርክ መሃል የከፈተው ትልቅ ሕንፃም ወጪው ከብዶታል።

ስለዚህ «ባህላዊ አሠራር» ስንል ማሽን መጥላት አይመስለኝም። መጋጠሚያው እውነተኛ ይሁን ነው ጉዳዩ። ያኔም ቢሆን ርካሾቹ አምራቾች ቁራጭ እንጨት ከላይ ለጥፈው በስቶ የወጣ ወንዴ ያስመስሉ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

መላጊያ_ነኝ (ሜሪላንድ)

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም ጣውላውን ማስተካከሉን ለማሽን ትቼዋለሁ። ኦክን ከሻካራው ጀምሮ በእጅ መላግ ትከሻ ያወልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ መጋጠሚያው ሁሉ፣ በመጋዝና በመሮ ነው።

ጋሽ_መሮ (ሐዋሳ)

ልጆች፣ የማሽኑን ክርክር ጨርሳችሁ ከሆነ ወደ ሥራው እንግባ።

በስቶ የሚወጣ ወንዴ የሚያሳፍረው ከላይ ስለሚታይ ነው። ተደብቆ የሚቀር መጋጠሚያ ውስጡ ቢላላም ሰው አያውቅብህም። ይኼኛው ግን ክንዱ ላይ፣ ቡና ስኒ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሴቴውን ከሁለቱም ፊት አስምር። በእርሳስ ሳይሆን በስለት። በስለት ያሰመርከው መስመር መሮው ራሱ ገብቶ የሚቀመጥበት ነው፤ እርሳስ ግን ውፍረት አለው። ከዚያ ከአንዱ ፊት እስከ ግማሽ ፈልፍል፣ ገልብጥ፣ ከሌላው ፊት ና፤ መሃል ላይ ይገናኙ። ከአንድ ወገን ብቻ ከወረድክ መውጫው ላይ እንጨቱ ይቦጨቃል።

የሴቴው ውስጥ መሃሉ ላይ በጣም ጥቂት ሆዱ ሰፋ ቢል አይጎዳም። አፉ ላይ ግን ልክክ ይበል። ወንዴውን በመጋዝ ስትቆርጥ ጥቂት አትርፍና እያስገባህ እያወጣህ በመላጊያ አቅጥነው። በእጅ ግፊት ግማሽ መንገድ ገብቶ ቀሪውን በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ ከገባ ትክክል ነው። በትልቅ መዶሻ ካስገደድከው ክንዱ ይሰነጠቃል።

ከላይ የሚወጣውን ጫፍ ከመግጠምህ በፊት ጨርሰው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚወጣው። አራቱን ጠርዝ ገደድ አድርገህ ላገው፣ አለስልሰው። ከተገጠመ በኋላ ልሥራው ካልክ ክንዱን ትቧጭረዋለህ።

አግዳሚዎቹን ከእግሩ ጋር የሚይዘው ኮላ ብቻ አይሁን፤ የእንጨት ሚስማር ምታበት። ብልሃቱ ቀዳዳውን አንሸዋሮ መብሳት ነው። መጀመሪያ እግሩን ሴቴው ላይ ብሳ። ወንዴውን አስገባና በዚያው ቀዳዳ በኩል ምልክት አድርግበት። አውጣው። አሁን ወንዴውን ስትበሳ ከምልክቱ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ አድርገህ ወደ ትከሻው (ወንዴው ከአግዳሚው ወደሚጀምርበት እርከን) አስጠጋ። የእንጨት ሚስማሩ ሲገባ ሁለቱን ቀዳዳ ለማስተካከል ሲታገል ወንዴውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ትከሻው እግሩ ላይ ይጣበቃል። ሞርሳም (ማጥበቂያም) አያስፈልግህም። ኮላው ከብዙ ዘመን በኋላ ቢሞትም ወንበሩ አይላላም። ሚስማሩን ግን በመጋዝ ከተቆረጠ ዘንግ እንዳትሠራው፤ በመሮ ሰንጥቀህ ከወጣ ቀጥ ያለ እንጨት ይሁን። ጫፉን አሹለው። ካልሆነ መሃል ላይ ይሰበርብሃል።

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ ይኼን ያስተማረን ሰው የለም። እኛ ስንገባ ብሎኑ ነበር። ነገ አንድ በርጩማ ላይ እሞክረዋለሁ።

ኦክ_አፍቃሪ (ሲያትል)

ስለ እግሮቹ። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ኳርተርሶን እንጨት ጨረሩ የሚታየው በሁለት ተቃራኒ ፊቶች ላይ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ፊቶች ተራ መስመር ነው የሚያሳዩት። የጣውላ ፊት ላይ ግድ የለም፤ እግር ግን ከአራቱም አቅጣጫ ይታያል።

የጉስታቭ ወንድም ሊዮፖልድ ፌየትቪል ውስጥ የራሱ ፋብሪካ ነበረው (ወንድማማቾቹ ሁሉም የቤት ዕቃ ውስጥ ነበሩ፤ እርስ በርስ ይፎካከሩም ነበር)። የእሱ መፍትሔ አራት ኳርተርሶን ጣውላዎችን ጠርዛቸውን እርስ በርስ በሚቆላለፍ ቅርጽ ቆርጦ፣ መሃል ላይ ቀጭን እንብርት አስገብቶ አንድ እግር ማድረግ ነው። አራቱም ፊት ጨረር ያሳያል። ደረቅና የተረጋጋ ስለሚሆንም አይሰነጠቅም። ያለ ማሽን ግን አይሞከርም።

በእጅ ለምትሠራው ቀላሉ፦ ሁለት ወይም ሦስት ጣውላ ደራርበህ በኮላ አጣብቅ፣ ካሬ አድርገው፣ ከዚያ ተራ መስመር በሚታይባቸው ሁለት ፊቶች ላይ ራስህ የሰነጠቅከውን ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ኳርተርሶን ቅጠል ለጥፍ። ጠርዙን ትንሽ ገደድ ስታደርገው የመጣበቂያው መስመር እዚያው ይጠፋል። የሱቅ ቬኒር አትጠቀም፤ በጣም ስስ ስለሆነ አንድ ጊዜ ስትልገው ያልቃል።

ኳርተርሶንን ለውበት ብቻ እንዳታየው። ነጭ ኦክ ከእርጥብነቱ ጨርሶ እስኪደርቅ በተራው አሰነጣጠቅ ወርዱ 10.5 በመቶ ገደማ ይሸበሸባል፤ በኳርተርሶን 5.6 በመቶ ነው። ሰፊው ክንድ በየወቅቱ ማበጥና መክሳቱ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። በስቶ የወጣው ወንዴ ዙሪያ ክፍተት እንዳይፈጠር የሚያደርገው ይኼ ነው።

የላብራቶሪ_ሰው (ሚኒያፖሊስ)

አሞኒያ የሚለውን ሳይ ነው የገባሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኦክ ታኒን የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር አለው። የአሞኒያ ጋዝ ከታኒኑ ጋር ሲገናኝ እንጨቱ ከውስጥ ይጠቁራል። ቀለም የተቀባ አይደለም፤ ስለዚህ ጨረሮቹን አይደፍንም። የበረት ኦክ በፈረስ ሽንት እንፋሎት ሲጠቁር አይተው ነው የጀመሩት ይባላል። ዕቃውን በፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ አሞኒያውን በሳህን ታስገባለህ፣ ትዘጋለህ። ከግማሽ ቀን እስከ ሁለት ቀን። የምትፈልገውን ጥቁረት የምታውቀው ከዚያው እንጨት የተቆረጠ ቁራጭ አብረህ አስገብተህ አልፎ አልፎ እያወጣህ ስታይ ነው። ከድንኳኑ ሲወጣ አመድማ ሆኖ ያስደነግጣል፤ ዘይት ወይም ጎማላካ (የእንጨት ማብረቅረቂያ ቅብ) ሲነካው ነው ቡናማው የሚወጣው። ነጩ የዳር እንጨት ታኒን ስለሌለው አይጠቁርም፤ ስትመርጥ ቁረጠው። ቀይ ኦክም እንደ ነጩ አይቀበልም።

አደጋው ደግሞ ይኸው። ለቤት ጽዳት የሚሸጠው አሞኒያ ደካማ ነው። ለዚህ የሚፈለገው 26 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። እሱ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ያቃጥላል። የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግም። ለአሞኒያ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ሙሉ ፊት የሚሸፍን ማስክና ጓንት ያስፈልጋል፣ ቦታውም ከቤት ውጭ። ከቤት ጋር የተያያዘ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አታድርገው። ልጆች ካሉ ደግሞ ባይሞከር ይሻላል።

ሰጋቱራ (ዳላስ)

እኔ ቀለም ቀብቼ ነው የማልፈው። ከሦስት ሜትር ርቀት ማን ይለያል?

የለንደኗ

ከሦስት ሜትር ማንም አይለይም። ግን ወንበር ላይ የምንቀመጠው ከሦስት ሜትር ርቀን አይደለም :)

መላጊያ_ነኝ (ሜሪላንድ)

ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ልጆችም አሉ። ስለዚህ አሞኒያው ቀረ። በውሃ የሚሟሟ ቡናማ ቀለም፣ ላዩ ላይ ጎማላካ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ሰም። ሰሙ የኦክ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ያረጀ ያስመስለዋል። የተሟላው የድሮ አሠራር አይደለም፣ ይሁን። መጋጠሚያው ላይ ግን አልደራደርም።

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

አሁን የእኔ ጥያቄ። ነጭ ኦክ እዚህ የለም፤ ቢመጣም ዋጋው አይቀመስም። ዋንዛ ውብ ነው፣ ግን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ክልክል ነው፤ ያለውም ተወዷል። በባሕር ዛፍ ልሥራው?

ጋሽ_መሮ (ሐዋሳ)

ባሕር ዛፍ ለዚህ አይሆንህም። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ግራቪሊያ ፈልግ። እኛ አገር ለቡና ጥላና ለአጥር ዳር የተተከለው ሁሉ እሱ ነው። ብዙ ሰው ለማገዶና ለሞራሌ ነው የሚቆርጠው፤ ያሳዝናል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ሐር ኦክ» ይሉታል፤ ከኦክ ዘር ሆኖ አይደለም፣ ጨረሩ ስለሚመስል ነው። ከእምብርቱ አቅጣጫ ስታሰነጥቀው የሚወጣው ነጠብጣብ ከኦክ ይሰፋል እንጂ አያንስም። ተራ መሰንጠቂያ ቤት ወስደህ ዝም ብለህ ካስረከብካቸው ግን ወለል አድርገው ይሰነጥቁልህና ምንም አይታይም። ግንዱን አራት ክፈሉት፣ ከዚያ የዓመት ቀለበቱ ወደ ጣውላው ፊት ቀጥ ብሎ እንዲመጣ አድርጋችሁ ሰንጥቁ በላቸው። ብዙ ቁርጥራጭ ይባክናል፤ ይከራከሩሃል፤ ገንዘቡን ጨምርላቸው።

ሁለት ነገር ልብ በል። ከኦክ ይቀላል፣ ይለሰልሳልም፤ ስለዚህ ወንዴውን ትንሽ አወፍረው፣ የክንዱንም ውፍረት አትቀንስ። ብናኙ ደግሞ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆስላል። እጅጌ ያለው ልብስ ልበስ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን።

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

ግራቪሊያ! አጎቴ ጓሮ ስድስት ግንድ አለ እኮ። ዲላ።

ሰጋቱራ (ዳላስ)

ተገኘ። የአጎት ጓሮ የማያወጣው ችግር የለም።

መቀመጫውን ግን ረሳችሁት። ስፖንጅ በጣውላ ላይ ብቻ ካደረጋችሁ መቀመጫ ይቆረቁራል።

የለንደኗ

የስቲክሊ አንዳንዶቹ ወንበሮች ትራሱን የሚሸከመው በገመድ የተጠለፈ ፍሬም ነበር። የጉለሌው፣ አንተ ጠፍር አለህ! የጠፍር አልጋ የሚያስር ባለሙያ ካገኘህ ከገመድ የተሻለ ነው፤ ሲላላም እንደገና ይወጠራል። ትራሱ ቆዳ ይሁን፤ የበግና የፍየሉ ለዚህ ስስ ነው፣ የከብት ቆዳ ፈልግ።

መላጊያ_ነኝ (ሜሪላንድ)

ጠፍሩን እኔም ወድጄዋለሁ። ለኔም እዚያ አሠርታችሁ የምትልኩልኝ ካለ እከፍላለሁ።

ኦክ_አፍቃሪ (ሲያትል)

አንድ ማሳሰቢያ ለሁለታችሁም። ስቲክሊ ዕቃው ላይ የአናጢ ኮምፓስ ምልክትና ፊርማውን ያትም ነበር። ቅጂ የሚሠሩ አንዳንዶች ለማሳመር ብለው ያንንም ይገለብጣሉ። አታድርጉት። ዛሬ ለማሳመር ነው፤ ነገ ዕቃው እጅ ሲቀያየር ማታለያ ይሆናል። የራሳችሁን ስምና ዓመተ ምሕረት ከመቀመጫው ሥር በመሮ ጻፉበት።

ዋናውን ማየት ለምትፈልጉ፣ ኒውጀርሲ ውስጥ ስቲክሊ ራሱ የሠራው «ክራፍትስማን ፋርምስ» አሁን ሙዚየም ነው። ከሜሪላንድ በመኪና ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ፓሳዲና የሚገኘውን ጋምብል ሃውስ እዩ፤ የግሪን ወንድማማቾች በ1908 የነደፉት ቤት ነው። እነሱ ቀጥተኛውን መስመር ትተው ጠርዙን ሁሉ በእጅ አለስልሰውታል። ከስቲክሊ የተለየ ዓለም ነው፤ እኔ እንዲያውም እነሱን አበልጣለሁ።

የጉለሌው (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ አጎቴን አናግሬዋለሁ፤ ሁለቱን ግንድ ፈቅዷል። ስንት ውፍረት ላሰንጥቀው? ማድረቂያ ምድጃ የለኝም።

ጋሽ_መሮ (ሐዋሳ)

ለእግሩ የሚሆነውን ወፍራም አታድርገው፤ ሲደርቅ ይፈነዳብሃል። ሁሉንም ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ አሰንጥቅና እግሩን ከላይ ወንድማችን እንዳለው በመደራረብ ትሠራዋለህ።

በተሰነጠቀበት ቀን የጣውላውን ሁለት ጫፍ የተረፈህን ቀለም ወይም የቀለጠ ሻማ ቀባው፤ ውሃው ከጫፉ በፍጥነት ከወጣ ይሰነጠቃል። ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ዝናብና ፀሐይ የማይነካው ግን ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ደርድር። በየጣውላው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ሞራሌዎች አስገባ። ሞራሌዎቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀጥታ መስመር ይሁኑ፤ ካልሆነ ጣውላው እንደ ተቀመጠ ጎብጦ ይደርቃል። ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንበት። ለዚህ ውፍረት አንድ ዓመት አካባቢ አስብ። እስከዚያ በርጩማዋን ጨርስና የሚስማሩን ፎቶ ላክልኝ።